ነጩ ጠርሙስና የእትዬ እጅ

ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዶክተሩ ቃል ነው። ዶክተሩ ሕመምተኛውን እየዞሩ የሚያዩት ጠዋት ነው፤ የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ ግን ጠዋት ሥራ ናት። ማታ መጥታ «ምን አሉ?» ስትለኝ የሰማሁት ሁሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ ይለኛል፤ ግማሹም ይጠፋብኛል። አባዬ «ጻፊላት በቃ፤ መናገር እንደሆነ አልፈጠረብሽም» አለኝ።

ዛሬ ያሉት ይህ ነው። የአባዬ አንጀት ተጠማዝዞ ነበር። የሞተውን ቆርጠው አወጡ፤ ጤነኛውን ከጤነኛው ሰፉት። ስፌቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ያፈስሳል። ያ ቀዳዳ እስኪደፈን ድረስ በአፉ ምንም አይገባም፤ ውሃ እንኳ። የሚመገበው በአንገቱ በኩል፣ በደም ሥሩ ነው። «ቀዳዳው የሚደፈነው ሰውነቱ አቅም ሲያገኝ ነው። አቅም ካላገኘ ደግሜ ልቀድደው አልደፍርም» አሉ።

«ካልተደፈነስ?» ብዬ ልጠይቃቸው ነበር። አልጠየቅኳቸውም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አባዬ አጠገቡ ለተኙት ሽማግሌ «ጋሼ፣ አንጀቴን ቆርጠው ጥለውታል። ከእንግዲህ የሚያሳዝን ወሬ ካለዎት ለሌላ ሰው ይንገሩ» አላቸው። ጋሼ የድሮ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው የተኙት። «አታስቀኝ አንተ ፀጉር ቆራጭ፤ ስስቅ ያመኛል» አሉት። አባዬ ይህን ሲሰማ ባሰበት። ቀኑን ሙሉ ሲያስቃቸው ዋለ።

ማክሰኞ

ረጅሟ ሲስተር የአባዬን ምግብ አሳየችኝ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ቀጭን ሻይ የጠራ ከረጢት ነው። በማሽን ነው የሚገባው፤ ማሽኑ ሲያልቅበት ይጮኻል። ሁለተኛው ጠርሙስ ነው። ነጭ ነው፤ ወተት ይመስላል። ወተት ግን አይደለም፤ ስብ ነው። የአኩሪ አተር ዘይት ከእንቁላል አስኳል በወጣ ነገር ተመትቶ፣ ደቅቆ ደቅቆ ከውሃ ጋር የታረቀ። ዘይት እንዲሁ ደም ውስጥ ቢገባ ሰው ይገድላል አለች። እንዲህ ሲደቅ ግን ይመግባል።

ሁለተኛ ማሽን ስለሌለ ነጩ የሚወርደው በጠብታ ነው። ቱቦው ላይ ትንሽ ጎማ አለች። ወደ ላይ ሲገፏት ጠብታው ይለቀቃል፤ ወደ ታች ሲገፏት ይዘጋል። ሲስተር ጠርሙሱን ከመስቀሏ በፊት ወደ መስኮቱ ይዛ ታየዋለች። ከላይ ቢጫ የዘይት ዓይን ከተንሳፈፈ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ አይሰቀልም።

ማታ ለእትዬ አነበብኩላት። «እንቁላሉ ነዋ ዘይቱን የያዘው» አለች። ደስ አላት። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ዘይትና እንቁላል ከዚህ ክፍል ውስጥ እሷ የምታውቃቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ጠርሙሱን ቀና ብላ ስታየው እሳት ላይ ያለ ድስት የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።

ሐሙስ

ጋሼ ምግባቸው ሲመጣ ጋዜጣ ዘርግተው ከጀርባው ይበላሉ። መጀመሪያ የሚያነቡ መስሎኝ ነበር። ጋዜጣው ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ ዛሬ ደግሞ ተገልብጦ ነበር። ለካ አባዬ እንዳያያቸው ነው። አባዬም ገብቶታል። «ጋሼ፣ ዛሬ ጋዜጣው ምን ይላል?» አላቸው። ከጋዜጣው ጀርባ «ድንች ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ዓርብ

ቸኩያለሁ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። ነገ ለምርመራ ደም ይቀዳል። ሲስተር ነጩን ዘጋችው፤ ሌሊቱን ተዘግቶ ማደር አለበት። እትዬ «ለምን?» አለች። «እንዲህ ነው የታዘዘው፣ እማማ» ብላ ሲስተር ወደ ሌላ አልጋ ሮጠች። እትዬ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን አየችው። ገና ግማሽ ነው። «ለሰው ሁሉ ራት ይመጣል» አለች ለራሷ።

ቅዳሜ ትምህርት ቤት ስለሌለ ዓርብ ዓርብ የምታድረው እሷ ናት።

ቅዳሜ

ስደርስ ደሙ ተቀድቷል። አባዬ ተኝቷል። እትዬን «እንዴት አደረ?» አልኳት።

«እኔ እያለሁ ወንድሜ ባዶ ሆዱን አያድርም» አለች።

ስትጸልይለት ያደረች መሰለኝ። ፊቷ የደከመ ጾመኛ ይመስላል። ካፖርቷን አልብሻት ወደ ቤት ሸኘኋት። በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ መጥታ የአባዬን እግር ሸፈነችው። ተሸፍኖ ነበር።

ሰኞ

ዶክተሩ ዛሬ ብዙ ቆሙ። የቅዳሜው ደም ብልቃጡ ውስጥ ሲረጋ ከላይ ወተት ይዞ ተገኘ። ነጩን ሰውነቱ አልተጠቀመበትም፤ ደሙ ውስጥ እንዲሁ እየዞረ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። «ሌሊቱን ተዘግቶ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሲስተር «እኔው ነኝ የዘጋሁት» አለች። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ስትዘጋው አይቻለሁ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ደግመን እንየው» አሉ።

ማታ ለእትዬ ስነግራት ቁጭ አለች። «አልተስማማውም ማለት ነው?»

«እንጃ።»

«ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር። የሰጠሁትን ሁሉ ይመልስብኝ ነበር። ቀስ እያልኩ ነው ያስለመድኩት፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቀስ እያልኩ።»

እትዬ ስለ አባዬ ስታወራ አንዳንዴ ዕድሜውን ትረሳዋለች። የሁለቱ እናት ስትሞት እሷ የእኔን ዕድሜ ታህል ነበር። በኋላ ደግሞ እናቴ ሞተችና እኔ መጣሁባት። አባዬም እኔም በአንድ ማንኪያ ነው ያደግነው። ማንኪያው አሁንም አለ፤ አንድ ጎኑ ተበልቷል።

ዓርብ

ዝናብ። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። ሲስተር ነጩን ስትዘጋ ዛሬ ጎማዋን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አረጋገጠች። እትዬ ስታይ ቆየችና ወንበሯን አንስታ ጠርሙሱ ወዳለበት ጎን አዞረች። «በዚህ በኩል ነፋስ የለም» አለችኝ።

ሰኞ

ደሙ ያው ነው። እንዲያውም ከባለፈው ይብሳል።

ዶክተሩ ነጩ ይቁም አሉ። ሰውነቱ ስብ አይቀበልም፤ ከቀጠልን ቆሽቱን ይጎዳል። በጠራው ከረጢት ብቻ እንሞክራለን። ሲስተር ባዶውን መስቀያ ይዛ ስትሄድ ጎማዎቹ ሲንጫጩ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ይሰማ ነበር።

ማታ ስንሄድ እትዬ አውቶቡስ ውስጥ እንባዋን በመሐረቧ ጫፍ ጠረገች። «እጄ አመድ አፋሽ ነው» አለች።

እኔ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። መስኮቱን አየሁ።

ረቡዕ

አባዬ ከስቷል። ቀለበቱ ወለቀና እኔ አውራ ጣቴ ላይ አደረግኩት። ስኳሩ ከፍ ብሏል ተባለ። ጣቱን በቀን ብዙ ጊዜ ይወጉታል። «ወንፊት አደረጋችሁኝ» ይላቸዋል። ድምፁ ግን ወርዷል፤ ጋሼ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ነው የሚሰሙት።

ቅዳሜ

የአባዬን ፀጉር መቁረጫ ሱቅ ከፍቼ አየሁት። መስታወቱ አቧራ ይዟል። በሩ ላይ «ባለቤቱ ስላመመው ተዘግቷል» ብዬ የለጠፍኩትን ወረቀት ዝናቡ አጥቦት «ባለቤቱ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። አንድ ደንበኛ ፀጉሩን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሞ ነበር። «አባትሽ እስኪነሳ ሌላ ቦታ አልቆረጥም ብያለሁ፤ ቶሎ በል በይው፣ ሚስቴ ልታባርረኝ ነው» አለኝ። ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየ።

ማክሰኞ፣ ማታ

ዛሬ አባዬን ላጨሁት።

«ፀጉር ቤት አለኝ ብል በዚህ ፊት ማን ያምነኛል? ጭምቴ፣ መላጫውን አምጪ» አለ። ጭምቴ ይለኛል፤ ጭምት ስለሆንኩ። ሱቅ ውስጥ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ እየጠረግኩ ነው እንጂ የሰው ፊት ነክቼ አላውቅም። ሲስተር «ከአገጩ በታች እንዳትወርጂ፤ ቱቦው አለ» ብላ ፈቀደች።

እሱ ነው ያስተማረኝ። «ቆዳውን በግራ እጅሽ ወጥሪ። ምላጩን አትግፊው፤ ራሱ ይሄዳል። አሁን ደንበኛውን አናግሪው፤ ካላናገርሽው ይተኛብሻል።»

«እንደምን አደሩ» አልኩ።

«ደህና። ስለ ዝናቡ ንገሪው።»

«ዘንቧል።»

«አቤት ወሬ» አለ። ጋሼ ከዚያ ማዶ «ከእሱ ቀጥሎ እኔን ትላጨኝ፤ ዝም የሚል ፀጉር ቆራጭ በሕይወቴ ገና ማየቴ ነው» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን፤ ምላጩን ከፊቱ ላይ አንስቼ ነው የሳቅኩት።

ከአፍንጫው ጎንና ከጆሮው ሥር ቆዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሳል። አረፋ መስሎኝ ደጋግሜ ጠረግኩት። ከዚያ ፀጉሩን ላበጥር ማበጠሪያውን ሳስኬደው ፀጉሩ ያለ መቀስ መጣ። እጄ ሞላ። ልደብቀው ነበር። ግን ሙያው ነው፤ ከእሱ አይደበቅም። አንዷን ዘለላ ተቀብሎኝ ወደ ብርሃኑ ያዛት፤ ሲስተር ጠርሙሱን እንደምትይዘው።

«ጥረጊው» አለኝ፤ «እትዬ ሳትመጣ።»

ጠረግኩ። ሱቅ ውስጥ በቀን ስንቴ የምጠርገው ነው። ዛሬ መጥረጊያው ከብዶኝ ነበር። ሲስተርን ኮሪደሩ ላይ አግኝቼ «ፀጉሩ» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ተረዳችኝ። «ስብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚናገሩት ቆዳና ፀጉር ናቸው» አለች።

ሐሙስ

ሲስተር ከጎናችን አልጋ አንዲት አዲስ ተለማማጅ ታስተምር ነበር። ያኛው ሕመምተኛም ነጭ ጠርሙስ ተሰቅሎለታል።

«ነጩ እየወረደ ደም ብትቀጂ ምን ይሆናል?»

ልጅቷ ጠርሙሱን አየችው። 

«ገና ከጠርሙሱ የወረደውን ስብ ነው የምትቀጂው። ብልቃጡ ወተት ይመስላል፤ ሰውየው ምንም ሳይሆን ስብ አይስማማውም ታሰኚዋለሽ። ሌሊቱን የምንዘጋው ለዚህ ነው። ገባሽ?»

ልጅቷ «ገባኝ» አለች።

እትዬ ዓርብ ዓርብ ነው የምታድረው። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ዓርብ

አልጠየቅኳትም። ጥያቄው አፌ ውስጥ ነው። «ደክሞሻል፣ ዛሬ እኔ ልደር» አልኳት። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ተኚ» አለችኝ። ነጩ እንደሆነ ከተነሳ ሰንብቷል፤ የሚዘጋም የሚከፈትም የለም። ማንም ቢያድር ለውጥ የለውም።

እሁድ

ጋሼ ለአባዬ ሲያጫውቱት «ዝም አይነቅዝም» ሲሉ ሰማሁ። ስለ እኔ ነበር፤ እያመሰገኑኝ ነው። «ይህች ልጅህ ብዙ አውርታ የሚቆጫት ነገር አይኖርም።»

እንዴት እንደሚነቅዝ ባዩት።

እትዬ ከዎርዱ ብትባረርስ? አባዬ ይህን ቢሰማ ምን ይሆናል? እሷስ? ሕይወቷን ሙሉ የሠራችው አንድ ሥራ ማብላት ነው። እሱንም ወስጄባት ምን ሊቀራት ነው። ተሳስቼም ይሆናል። እሷ ጎማዋን ስትነካ በዓይኔ አላየሁም። የሰማሁት «ባዶ ሆዱን አያድርም» ስትል ብቻ ነው። ወንበሩንም ያዞረችው ለነፋሱ ነው፤ ራሷ ብላኛለች።

ማክሰኞ

ዶክተሩ የአባዬን ሆድ ነክተው ብርድ ልብሱን ራሳቸው መለሱለት። ከዚህ በፊት ሲስተር ነበረች የምትመልሰው።

በጠራው ከረጢት ያለውን ስኳር ቢጨምሩት ጉበቱ አይችለውም። ቢቀንሱት ይከሳል። ቀዳዳው እንዳለ ነው። «ታላቅ እህቱ ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ይምጡ፤ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አሉኝ።

በበሩ በኩል የተኛው ሕመምተኛ አስታማሚዎችም «ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» ተብለው ነበር። በማግስቱ ፍራሹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲያናፍሱት አየሁ።

ረቡዕ

ተናገርኩ።

ዶክተሩ ዙረታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ተከተልኳቸው። ክፍላቸው ገቡ፤ በሩን አልዘጉትም። በሩ ላይ ቆምኩ። ሲስተር አንድ ነገር እያስፈረመቻቸው ነበር። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።  የአባዬ ቀለበት አውራ ጣቴ ላይ ነበር፤ ሳዞረው ሳዞረው ጣቴ ቀላ።

«ክፍት ነበር» አልኩ።

«ምኑ?»

«ነጩ። ደሙ ሲቀዳ። ሁለቱንም ጊዜ ሌሊቱን ክፍት ነበር ያደረው።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ማን ከፈተው?»

«እኔ» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዳይርበው።»

ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔም አንድ ቀን በቀን፣ ዓይኔ እያየ አስዘግቼ ማስቀዳት ነበረብኝ» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሲስተር አላውቅም። ከዚያ ነጩ ዛሬውኑ በትንሹ ይጀመር፣ ቅዳሜ ጠዋት ደም ይቀዳ፣ ዓርብ ሌሊት ማንም ጎማዋን አይንካ አሉ። ነገ የነበረው ስብሰባም ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ሲስተር ደረሰችብኝ። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ብላ ነው ያናገረችኝ። «ዓርብ ዓርብ የምታድሪው አንቺ አይደለሽም።»

መሬቱን አየሁ።

«እኔ ለማንም አልናገርም። ለእማማም ያን ዕለት ጊዜ ወስጄ ማስረዳት ነበረብኝ። ግን የከፈተችው እጅ ካላወቀች ቅዳሜ ያው ነው፣ የኔ እናት።»

እውነቷን ነው። እኔ ብሸከመውም እጁ እዚያው ነው ያለው።

ረቡዕ፣ ማታ

እትዬ ስትመጣ ነጩ ተሰቅሏል። በሩ ላይ ቆማ አየችው። ፊቷ በራ። ይህን ፊት ይዤ እንዴት እነግራታለሁ? አባዬ የተኛ መስሎ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ከትንሽነቴ ጀምሮ ይህ ሽታ እንቅልፍ ያመጣልኛል።

«እትዬ፣ ነጩ ተስማምቶት ነበር። ደሙ የተበላሸው ሳይዘጋ ስለተቀዳ ነው።»

«ሲስተሯ ዘግታው የለም እንዴ?»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ እጇን ነው የማየው። እሷም እጇን አየችው። አንዱን በሌላው ሸፈነችው።

«ትንሽ ነው የከፈትኩት» አለች። ድምጿ የልጅ ድምፅ ነበር። «ጠብ፣ ጠብ፣ እንዲህ ብቻ። ሊነጋ ሲል እዘጋዋለሁ። እናታችን የሞተች ሰሞን እኔም እሱም ራት ሳንበላ የምናድርበት ጊዜ ነበር። እሱ ሲያለቅስ ጣቴን እሰጠው ነበር እንዲጠባ። ሌላ ምን ልስጠው? ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት፤ ካደግኩ ይህ ልጅ ተርቦ አያድርም ብዬ። እነሱ መጥተው ማታ ማታ ይዘጉብኛል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኛ እንዲህ ያደረግኩት። ፀጉሩን እኔ ነኛ ያራገፍኩት።»

ፀጉሩን አይታ ነበር ማለት ነው። እኛ ስንጠርግላት እሷ ዝም ብላን ነው።

አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ «አይቼሻለሁ» አለ።

ሁለታችንም ደነገጥን።

«ሁለቱንም ዓርብ አልተኛሁም ነበር። ጎማዋን ስትገፊ አይቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን እንደሚያመጣ አላወቅኩም፣ እትዬ። ብቻ… ለካ አሁንም የሚያበላኝ ሰው አለኝ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ የዚህ ሁሉ ሰው ወሬኛ፣ በዚህች ላይ ዝም አልኩ።» ከዚያ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «ከዚህ ቤት የተናገረችው ጭምቴ ብቻ ናት። ጉድ አይደለም?»

እትዬ ግንባሯን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባዬ ቱቦ የሌለበትን እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። ጋሼ ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ምግብ አልመጣላቸውም ነበር።

ዓርብ

ሲስተር ነጩን ዘጋች። ዛሬ ለእትዬ ለምን እንደሚዘጋ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻት፤ እትዬ እንደ ተማሪ እየተከተለች «እሺ፣ እሺ» አለች። እንዳድር ተፈቅዶልኛል።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ እትዬ «ተኝተሻል?» አለችኝ።

«አልተኛሁም።»

ሁለት እጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። «ያዥልኝ። እኔ አላምናቸውም።»

ያዝኳቸው። አባዬ አንዴ አቃሰተ፤ እጇ እጄ ውስጥ ዘለለ። አጥብቄ ያዝኩት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጠርሙሱን አየችና እኔን አየችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩባት። ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም። ሲነጋ ሁለታችንም እጃችን ደንዝዞ ነበር።

ቅዳሜ

ደም የሚሰበስበው ሰው ብልቃጡን ሲወስድ እትዬ «እየው እስቲ» አለችው። «አሁን ምን ይታያል እማማ፤ መርጋት አለበት» አለ። እስኪረጋ ከላቦራቶሪው በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ቢያባርረንም አልሄድንም። በመጨረሻ ሰውየው በመስኮቱ በኩል ብልቃጡን ከፍ አድርጎ አሳየን፤ ሥራ እንድናስፈታው ስላልፈለገ ይመስለኛል።

ከታች ቀይ፤ ከላይ ቢጫ፣ የጠራ። ጣቱ ከወዲያ ይታይ ነበር።

እትዬ መስኮቱን በመዳፏ ነካችው።

ሰኞ

ዶክተሩ ነጩን ጨመሩት።

ሐሙስ

ከጻፍኩ ስንት ሳምንት ሆኖኛል። የምጽፈው ጠፍቶ አይደለም፤ አሁን ለእትዬ ሁሉን በአፌ ስለምነግራት ነው። የአባዬ ቆዳ ለስልሷል። ግንባሩ ላይ አጫጭር ፀጉር ወጥቷል፤ እንደ ሕፃን ፀጉር ነው። በመስታወት እያየ «ይህ ደንበኛ ከየት መጣ» ይላል። ከቀዳዳው የሚወጣው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ጋሼን ላጨኋቸው። ስለ ዝናቡ ነገርኳቸው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር።

ነገ በአፉ ይሞከራል ብለዋል። እትዬ የተበላውን ማንኪያ ከመሳቢያው አውጥታ ስታፈላው አየኋት።

ዓርብ

ሾርባው የሆስፒታሉ ነው፤ ቀጭን፣ እንደ ውሃ። ዶክተሩ «አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ እንጠብቃለን» አሉ። ሲስተርም ቆመች፣ ተለማማጇም።

እትዬ በማንኪያው ቀድታ አነሳች። ግማሹ ፈሰሰ። «አንቺ ስጪው» አለችኝ። «ይህ እጅ ከእንግዲህ ለእሱ አይሆንም።»

ማንኪያውን አልተቀበልኳትም። የእጅ አንጓዋን ያዝኩት፤ ያን ሌሊት እንደያዝኩት። አብረን ቀዳን፣ አብረን ወሰድነው። አባዬ አፉን ከፈተ። ዋጠ። 

እትዬን ብዙ አያት።

«ጨው የለውም» አለ።

«ጨው የለውም?» አለች እትዬ። ወገቧን ያዘች። «ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ልጅ አብልቼ፣ አንተ ጨው የለውም ትለኛለህ? እኔ ነኝ የሠራሁት? ይህ እኮ የእነሱ ነው። ቆይ ብቻ ተነሳ፣ እኔ ቤት ግባ፣ ጨው አሳይሃለሁ።» እየተቆጣች እንባዋ ይወርድ ነበር፤ እየሳቀችም ነበር። ሲስተር «እማማ፣ ዎርዱ ነው» ብትላትም አላቆመችም።

ጋሼ ጋዜጣቸውን አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። ድንቻቸውን በሙሉ ፊታቸው ይበሉ ጀመር።

ከአባዬ ጋር ዛሬ ማንም አያድርም፤ ሲስተር አያስፈልግም ብላለች። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እትዬ ሳልጠይቃት እጇን ሰጠችኝ። የሚጠበቅ ነገር አልነበረም፤ የሚዘጋም የሚከፈትም የለም። ያዝኩት። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ስለ ጨው ስታወራ እኔም መለስኩላት።